ከመንዝ ሰማይ ሥር፦ የክንፍና የዕውቀት ታሪክ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሰው ሰማይን የሚያውቀው በሥራው ነው። በረዶ ያረገዘውን ደመና ዝናብ ካዘለው ይለያል፤ ውርጭ የሚወርድበትን ሌሊት ከከዋክብቱ ጥራት ይገምታል፤ ንስር በገደል አፋፍ ላይ ክንፉን ሳያራግብ ሲንሳፈፍ አይቶ የነፋሱን አካሄድ ይናገራል። ምድሩም ቢሆን ለሰማይ የቀረበ ነው። ጓሳው የሚበቅልበት የመንዝ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ወንጪትና ጀማን የመሰሉ ወንዞች ደግሞ አገሩን በጥልቅ ሸለቆ ሰንጥቀው፣ በዓይን የሚተያየውን ጎረቤት በእግር የቀን መንገድ አርቀውታል። እንዲህ ባለ አገር የተወለደ ልጅ ክንፍ ቢመኝ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው፣ በዚህ ሰማይ ላይ የታየው የብረት ክንፍ ለብዙ ጊዜ የባዕድ ክንፍ ሆኖ መቆየቱ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱን ከታሪክ እንፈልገው።

የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን፣ ያበረረውም አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለው። ይሁንና አዲሱ ጥበብ ገና ዓመት ሳይሞላው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ወደ አንቺም የጦር ሜዳ ተላከ። በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ይህን መሸፈን አይገባም፤ በኢትዮጵያ ሰማይ የመጀመሪያው የአየር ቦምብ የወደቀው በኢትዮጵያዊ ላይ ነው። ክንፍ ከመሬት እንጂ ከሰው ክፋት እንደማያርቅ ያን ዕለት ታየ።

ሆኖም በዚያው ዘመን ክንፍን ለመማር የጓጉ ወጣቶች ተነሥተው ነበር። ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው ሚሽካ ባቢቼፍና ጓደኛው አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ሙሉእመቤት እምሩ ደግሞ ለሴት ልጅ ጎጆና ማጀት ብቻ በሚታሰብበት ጊዜ ወደ አይሮፕላኑ ወንበር ወጥታ ማብረር ተማረች፤ ጦርነቱ ባይደርስ ኖሮ የት በደረሰች ነበር። ከባሕር ማዶም ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን መጣ። የዚህ ሰው ታሪክ ለተማሪ ሁሉ ትምህርት ነው፤ በቆዳው ቀለም ምክንያት የቺካጎው የበረራ ትምህርት ቤት አልቀበልህም ቢለው፣ በዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ ወለል እየጠረገ ትምህርቱን ሰማ። በመጨረሻም በሩ ተከፈተለት። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው እርሱ ነው። የነበሩት አይሮፕላኖች ግን በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ ያልታጠቁ ስለነበሩ ሥራቸው መልእክትና መድኃኒት ከማመላለስ አላለፈም።

በዚያ ጭንቅ ወቅት ግን አንድ ነገር ተሠራ። የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን በአገር ውስጥ ገጣጥሞ አቆመ። በ1928 ዓ.ም. አየር ላይ ወጣች። ስሟም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ «ፀሐይ» ተባለ። ሞተሯ ከውጭ የመጣ፣ መሪ መሐንዲሷም የውጭ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ክንፏና አካሏ በዚህ አገር አየር ደርቆ፣ በዚህ አገር እጅ ተያይዞ ነበር። ጠላት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ማርኮ ወደ ኢጣልያ ወሰዳት። ከሮማ ወጣ ብሎ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥም ለብዙ ዓመታት ቆመች።

የተማረከችው አንዲት አይሮፕላን ብቻ አልነበረችም፤ ከእርሷ ጋር አንድ ጅምር ዕውቀትም ተቋረጠ። በዚያው ሰማይ የቀረው የጠላት ክንፍ ምን እንዳደረገ መንዝ ያውቃል። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ዘረት በተባለው ስፍራ፣ አርበኞች ከነቤተሰባቸውና ከነቁስለኞቻቸው በዋሻ ውስጥ ተከበቡ። የኢጣልያ ጦር ከአይሮፕላን ቦምብ የተቀዳ መርዝ በዋሻው አፍ ላይ አፈነዳባቸው፤ ከወጡትም ወንዶቹን ረሸነ። ለሰማይ የተሠራ መሣሪያ ከምድር ሆድ ውስጥ የተደበቀውን ሰው ተከትሎ ገባ።

ከዚያ በኋላ አገሪቱ ክንፍን እንደገና ጀመረች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጀመሪያ በአሜሪካውያን አብራሪዎች ቢበርም፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአይሮፕላን አዛዥ ሆነው ብቻቸውን በረሩ። ቢሾፍቱ ላይም አየር ኃይሉ በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት ወጣቶችን አሠለጠነ። ማብረርና መጠገን የኢትዮጵያውያን ሙያ ሆነ።

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ በጸና ጊዜ አይሮፕላን በሌላ ገጽታው ወደ ግሼ መጣ። መንገድ በማይደርስበት በራቤል አካባቢ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል አይሮፕላኖች ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብለው እየበረሩ የእህል ከረጢት ጣሉ፤ የሚጣልበትን ሜዳ እየመረጡ ምልክት የሚያደርጉላቸው ደግሞ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። በዓለም ፖለቲካ ጠላት የነበሩ ሁለት ጎራዎች በአንድ አምባ ላይ ለአንድ ሥራ ተገናኙ። ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ያን ክንፍ ቀና ብሎ ያየ ሕፃን ሁለት ጥያቄ ሳይጠይቅ አይቀርም፤ አንደኛው «ማን ያበረዋል?»፣ ሁለተኛው «ማን ሠራው?» ለመጀመሪያው ጥያቄ አገሪቱ መልስ ነበራት። ለሁለተኛው ግን ከ«ፀሐይ» ወዲህ መልሷ ዝምታ ነበር።

በሬ ጠምዶ ለሚያርስ አገር የበረራ ምሕንድስና ቅንጦት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ይህን እናስተውል። በመንዝ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ክንፉ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፤ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ መንደርደሪያው ይረዝማል። ዝቅ ባለ አገር ያለ መሐንዲስ ይህን በስሌት ያገኘዋል፤ የመሐል ሜዳ ወይም የዓለም ከተማ ተማሪ ግን ዳገት ሲወጣ በሳንባው ያውቀዋል። የምድሩ ችግር ራሱ ጥያቄ ሆኖ ደጁ ድረስ መጥቶለታል። መልሱን ሌላ ሰው እስኪሰጠው መጠበቁ ነው እውነተኛው ብክነት።

ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር ተወነጨፈች። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ «ፀሐይ» ከሰማንያ ሰባት ዓመት ምርኮ በኋላ ወደ አገሯ ተመለሰች። መመለሷ ደስታ ነው። ነገር ግን የተማረከው ጅምር ዕውቀት በሣጥን ታሽጎ አይመለስም፤ እርሱ የሚመለሰው ዐውደ ሥራ ባለው ትምህርት ቤት፣ መሣሪያ በያዘ መምህርና ሞክሮ ቢሳሳት በማይቀጣ ተማሪ ነው። አንቺምና ዘረት ያስተማሩን ዕውቀት ያለ ርኅራኄ ምን እንደሚያደርግ ነው፤ ራቤል ያስተማረን ደግሞ ርኅራኄ የሌላውን ዕውቀት ሲጠብቅ ስንቱ በመንገድ እንደሚቀር ነው። የነገው የመንዝ ልጅ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ወደ ሰማዩ ቢወጣ፣ የተቋረጠው ሥራ ያን ጊዜ ይቀጥላል።