የጦርነት ዜና ሕዝብ ዘንድ እንዴት ይደርሳል? የ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ አዘጋገብ

ጦርነት ሲነሣ ሕዝብ በየዕለቱ የሚሰማው ዜና ከጦር ሜዳ በቀጥታ የመጣ መስሎ ይታያል። ሆኖም አንድ ዘገባ አንባቢው እጅ የሚገባው ዘጋቢው እንዲቆም ከተፈቀደለት ስፍራ ተነሥቶ፣ በሳንሱር ሹም ተነቦ፣ በቴሌግራፍ መሥመር ተላልፎ፣ በመጨረሻም ከሩቅ ሆኖ «ዛሬስ ምን ተገኘ?» በሚል ዋና አዘጋጅ እጅ አልፎ ነው። በዚህ መንገድ ላይ አንዱ በር ከተዘጋ የሆነው ነገር እንዳልሆነ፣ ያልሆነውም እንደሆነ ሊነገር ይችላል።

ይህ የመረጃ ጽሑፍ ጉዳዩን የሚያብራራው ፋሺስት ጣሊያን ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ላይ ያካሄደው ጦርነት በወቅቱ እንዴት እንደተዘገበ በማሳየት ነው። ጦርነቱ የተመረጠው የአገራችን ታሪክ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የዓለም ጋዜጠኞች አስቀድመው ተሰብስበው የጠበቁት ጦርነት ሆኖ ሳለ፣ በውስጡ የተፈጸመው ከባዱ ወንጀል በአብዛኛው ከዓይናቸው ውጭ መዋሉ ለዛሬ አንባቢም ብዙ የሚያስረዳ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶች፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱን ቀድመው የመጡ ዘጋቢዎች

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የደረሰው ግጭት የጦርነቱን መቃረብ ካመለከተ በኋላ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ጋዜጦች፣ የዜና ወኪሎችና የፊልም ኩባንያዎች ሰዎቻቸውን በጅቡቲ የባቡር መሥመር ወደ አዲስ አበባ መላክ ጀመሩ። ከመጡት መካከል የለንደኑ ታይምስ ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር፣ የዴይሊ ቴሌግራፉ ፐርሲቫል ፊሊፕስ፣ ለዴይሊ ሜይል ይጽፍ የነበረው ደራሲ ኢቭሊን ዎ፣ ፎቶግራፍ አንሺው አልፍሬድ አይዘንስታት ይገኙበታል። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ የነበረው ፒትስበርግ ኩሪየርም ጸሐፊውን ጄ. ኤ. ሮጀርስን ልኳል። የቺካጎ ትሪቢዩኑ ዊልፍሬድ ባርበር ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ላይ በወባ በሽታ ሕይወቱ አልፏል፤ ለዘገባዎቹም ከሞተ በኋላ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጥቶታል።

እነዚህ ሰዎች ክረምቱን የጠበቁት ገና ያልተጀመረ ጦርነት ነበር። ሆኖም የላኳቸው ጋዜጦች ለማረፊያና ለቴሌግራም ብዙ ገንዘብ ያወጡ ስለነበር በየዕለቱ የሚታተም ነገር ይጠይቁ ነበር። የቴሌግራም ክፍያ በቃል የሚታሰብ በመሆኑ ዘገባው ማጠርና መቆራረጥ ነበረበት። ላኪው በጥቂት ቃላት ያመለከተውን ነገር ለንደን ወይም ኒውዮርክ ያለው አዘጋጅ በራሱ ግምት ሞልቶ ሙሉ ታሪክ ያደርገዋል። በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች እንደመሰከሩት፣ አንዳንድ ካሜራ ያነገቡ ሰዎች የሚቀርጹት ውጊያ ሲያጡ ባላገሩን ከፍለው ጦር አሰብቀው፣ ጋሻ አስመክተው የ«ጦርነት» ምስል ያነሡ ነበር። በወሬ ላይ ወሬ የሚወለደው ከሁሉ አስቀድሞ እንዲህ ባለው የመጠበቅ ወራት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከዓድዋ እስከ ደሴ

የጣሊያን ጦር መረብን በተሻገረበት ዕለት አውሮፕላኖች ዓድዋን ደበደቡ። በድብደባው ሆስፒታል እንደተመታና ነርስ እንደሞተች የሚገልጽ ወሬ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በዓለም ተሰራጨ። ኢቭሊን ዎ ከጊዜ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ አዘጋጆች የነርሷን ስም፣ የሕይወት ታሪክና ፎቶግራፍ በቴሌግራም መጠየቅ ያዙ። ዘጋቢዎቹ ቢያጠያይቁም እንዲህ ያለች ነርስ አልተገኘችም።

ዎ ታሪኩን ያቀረበው በቀልድ ነው፤ ጉዳዩ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ዓድዋ በእርግጥ ተደብድባለች፤ ሰላማዊ ሰዎችም በእርግጥ ሞተዋል። ነገር ግን በስፍራው የቆመ የውጭ ዘጋቢ አልነበረም። ባልተረጋገጠው ዝርዝር ምክንያት እውነተኛው ድብደባም በጥርጣሬ የሚታይ ሆነ። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ የምታሰማውን አቤቱታ «ይኼም እንደ ነርሷ ይሆናል» ብሎ ለማለፍ ለሚፈልግ ሰው ሰበብ ተገኘለት።

ከሁለት ወር በኋላ በደሴ የሆነው ከዚህ የተለየ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ነበሩ፤ ወደ ጦር ግንባሩ ለመቅረብ ፈቃድ ያገኙ የውጭ ዘጋቢዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎችም አብረው ተገኝተዋል። በአሜሪካውያን የአድቬንቲስት ሚሲዮናውያን ይመራ የነበረው ሆስፒታል ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ በመትረየስ ወደ አውሮፕላን ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። ስለ ደሴ ስም ጠርቶ፣ ሰዓት ቆጥሮ፣ ምስል አያይዞ የሚናገር የዓይን ምስክር ስለነበረ ድብደባውን መካድ አልተቻለም። በዓድዋና በደሴ ዜናዎች መካከል የታየው ልዩነት ምንጩ ይኸው ነው፤ የድርጊቱ ክብደት ለሁለቱም አንድ ነበር።

ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሕክምና ጣቢያ በተደበደበ ጊዜም፣ ከተረፉት መካከል የውጭ አገር ሐኪሞች ስለነበሩ ወሬው በስዊድንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ከፍተኛ ቁጣ ቀስቅሷል።

ከጣሊያን ጦር ጋር የተጓዙት

በሌላው ወገን ከአሥመራ የሚነሡት ዘጋቢዎች መኪና፣ አልፎ አልፎም አውሮፕላን ነበራቸው። ጽሑፋቸውን የሚያስተላልፍላቸውም የጣሊያን ጦር የፕሬስ ቢሮ ነበር። የኒውዮርክ ታይምሱ ኸርበርት ማቲውስ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በደናክል በረሃ ከተጓዘው የጄኔራል ማሪዮቲ ጦር ጋር ሄዶ የኢትዮጵያውያን ደፈጣ ሲገጥማቸው በዓይኑ አይቷል። እንዲህ ያለው ዘገባ ጠቃሚ ነው፤ ውጊያውን በቅርብ ያየ ሰው የጻፈው ነውና። የሚያየው ግን የተጓዘበት ጦር የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው፤ ከተራራው ማዶ ቦምቡ የወደቀበትን ሰው አያገኘውም። ከወታደሩ ጋር አብሮ እየበላና አብሮ እየተተኮሰበት የሚኖር ዘጋቢ፣ ሐሰት ሳይጽፍም እንኳ፣ ነገሩን በአጃቢው ዓይን ማየቱ አይቀርም። በ1995 ዓ.ም. በኢራቅ ጦርነት ከአሜሪካ ጦር ክፍሎች ጋር ተመድበው ስለተጓዙ ዘጋቢዎችም ይኸው ጥያቄ በሰፊው ተነሥቷል።

በጣሊያን አገር ደግሞ ጉዳዩ ከዘጋቢው እጅ የወጣ ነበር። በ1927 ዓ.ም. መገባደጃ በጋሌያትሶ ቻኖ የሚመራ የፕሬስና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ተቋቁሞ፣ ጋዜጦች ምን ማተምና ምን መተው እንዳለባቸው የሚገልጽ ትእዛዝ ይደርሳቸው ነበር።

ያልታየው ግንባር

ጣሊያን በጦርነት የመርዝ ጋዝ መጠቀምን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። ይሁንና ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ አውሮፕላኖቿ በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ፣ ቀጥሎም በሌሎች ግንባሮች የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ከሸማው በቀር መከላከያ ያልነበረውና በባዶ እግሩ የሚጓዘው ወታደር፣ ከወንዙ ውኃ የሚቀዳው ባላገርና ከብቱ ሳይቀሩ ተቃጠሉ።

በዚህ ጊዜ ዘጋቢዎቹ የት ነበሩ? ብዙዎቹ አዲስ አበባ ነበሩ፤ ከፊሎቹም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ጋዜጠኞችን ከደሴ አልፈው ወደ ሰሜኑ ግንባር እንዲሄዱ በቀላሉ አይፈቅድም ነበር። ለዚህም ምክንያት ነበረው፤ ሰላዮች በዘጋቢ ስም እንዳይገቡ ይሰጋ ነበር፤ በአውሮፕላን የተማረረው ሠራዊት ነጭ ባየ ጊዜ ጠላት ነው ብሎ ጉዳት እንዳያደርስም ይፈራ ነበር። ጥንቃቄው በጊዜው ተገቢ ይመስል ነበር። ዋጋው የታወቀው ግን ጋዙ በወረደ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ለኢትዮጵያ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ገለልተኛ የዓይን ምስክር ነበር። በዚህ ላይ ውጊያው ተጓተተ በሚል ብዙ ጋዜጦች ወጪ ለመቀነስ ሰዎቻቸውን ጠርተው ነበር። ጦርነቱ ሳይጀመር በሰው የተጨናነቀችው አዲስ አበባ፣ ጦርነቱ በከፋበት ወራት ዘጋቢዎቿ ሳስተው ነበር።

ስለዚህ መንግሥት ስለ ጋዙ በዚያው ወር ለዓለም መንግሥታት ማኅበር በቴሌግራም ቢያመለክትም፣ አቤቱታው የአንድ ተከራካሪ ወገን ቃል ሆኖ ቀረ። የጣሊያን ወገን አንዳንዴ ነገሩን በመካድ፣ አንዳንዴ ደግሞ በኢትዮጵያ ጦር ላይ የግፍ ክስ በማቅረብ መልስ ይሰጥ ነበር።

እውነቱን ያወጡት በመጨረሻ ሐኪሞች ናቸው። በቆረምና በአላማጣ አካባቢ ይሠራ የነበረው የብሪታንያ የሕክምና ቡድን መሪ ጆን ሜሊና ባልደረባው ዶክተር ማክፊ በጋዝ የቆሰሉ ሰዎችን አክመዋል፤ ያዩትንም ጽፈዋል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ ማርሴል ጁኖም በቆረም የተጎዱትን ተመልክቷል። ኮሚቴው ግን ገለልተኝነቴን ይነካል በማለት በእጁ ያለውን ማስረጃ ለመንግሥታቱ ማኅበር አልሰጠም። የሐኪሞቹ ምስክርነት በጋዜጦች እየወጣ ክርክሩ ሲለወጥ መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ተካሄደ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጆርጅ ስቲር ወዲያው በጣሊያኖች ከአገር ተባረረ። ይኸው ሰው በተከታዩ ዓመት በስፔን የጌርኒካን ከተማ መደብደብ ለታይምስ ጋዜጣ ዘግቧል።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ የማኅበሩ ጉባኤ ፊት ስለ መርዙ በዝርዝር ተናገሩ። ንግግራቸውን ለማቋረጥ በፉጨት የጮኹት በአዳራሹ የነበሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች ነበሩ፤ ከአዳራሹም ተይዘው ወጥተዋል። ዜና ለመዘገብ የተቀመጠ ሰው ዜናው እንዳይሰማ ሲጮህ የታየበት ዕለት ነው።

ጉዳዩ በዚህም አልተዘጋም። የጣሊያን የመከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ ከስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለዚህ ያበቃው የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ሰነዶችን እያወጣ ለዓመታት ያደረገው ክርክር ነበር። በወጣትነቱ በጦርነቱ የተሳተፈውና «ጋዝ አላየሁም» እያለ ይከራከር የነበረው ታዋቂ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ሰነዶቹ ከቀረቡ በኋላ መሳሳቱን ተቀብሏል። አላየሁም ያለው ምናልባት እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ያላየው ነገር አልተደረገም ማለት ግን አልነበረም።

የዘመኑን ጋዜጦች ማየት ለሚፈልጉ

በወቅቱ በአማርኛ ይታተሙ የነበሩትን እንደ ብርሃንና ሰላም ያሉ ጋዜጦች ማገላበጥ የሚፈልግ ዜጋ አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ወይም በስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ይችላል። ጠያቂው የሚፈልገውን ቀን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ለይቶ ቢቀርብ ፍለጋው ይቀልለታል። የውጭ ጋዜጦችን የሚያነብ ሰው በዘገባው ራስ ላይ የተጻፉትን ቦታና ቀን ቢያስተውል መልካም ነው፤ ስለ ተከዜ የሚያወራ ዘገባ ከአዲስ አበባ ወይም ከአሥመራ የተላከ ከሆነ፣ ጸሐፊው ያየውን ሳይሆን የተነገረውን እያስተላለፈ ሊሆን ይችላል።