ሱሰኛውና የብርጭቆው ሰው

እ.ኤ.አ. በ1911 በጀርመን ድሬስደን የተካሄደውን የንጽህና ዐውደ ርእይ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። ጠንሳሹ ካርል ሊንግነር ኦዶል በተባለ የአፍ መጉመጥመጫ የበለጸገ ነጋዴ ነበር። ከዐውደ ርእዩ በኋላ በከተማዋ የተቋቋመው የንጽህና ሙዚየም አዲስ ሕንፃ በ1930 ሲከፈት ሕዝቡን ያስደመመው ቆዳው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ልቡ፣ ሳንባውና ጉበቱ በየተራ በመብራት የሚደምቁ፣ «የብርጭቆው ሰው» የተባለ የሰው ቅርጽ ነው። ለጤና ትምህርት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ማሰብ ያስቸግራል። ነገር ግን አካልን ማሳየት ብቻውን ለሕመምተኛው መራራትን አያስተምርም። ከ1933 በኋላ ያው ሙዚየም የናዚዎችን የዘር ትምህርት አሰራጨ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግም ከባድ የአልኮል ሱሰኞች ተገደው እንዲመክኑ ፈቀደ። ጥፋቱ የመንግሥት እንጂ የሙዚየም አይደለም የሚል ይኖራል። የመንግሥቱ ተጠያቂነት አያከራክርም፤ ሆኖም ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ሕግ በዝምታ የሚቀበለው አስቀድሞ ሱስን የዘር ጉድለት አድርጎ እንዲያይ ከተማረ ነው፤ ያን ትምህርት ደግሞ የሚያምነው ሳይንስን በሚያሳይ አዳራሽ ውስጥ ሲያገኘው ነው።