ዘይት ለሞተ ቆዳ

«እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» ይባላል። ተረቱ ማጽናኛ ነው፤ የተተረተው ግን ለሰው ነው። ሰው እጁ የማይደርስበት ጀርባው ቢያሳክከው እንኳ «እከክልኝ ልከክልህ» የሚለው ጎረቤት አያጣም። ውሻም ጥፍር አልተነሳም። ችግሩ ግን ባከከ ቁጥር ቆዳው ይቆስላል፣ ጠጉሩ ይረግፋል፤ ጠጉሩ ሲረግፍ ደግሞ ከሚያክመው ይልቅ ድንጋይ የሚያነሳበት ይበዛል።

ኩታበርን ያየ ሰው ውሻ በደጋ አገር ምን ሥራ እንዳለው ያውቃል። ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው ይህ ብርዳም አገር በግ ይረባበታል። በግ ባለበት ጅብ አይጠፋም፤ ጅብ ባለበት ሌሊቱን ደጅ የሚያድረው ውሻ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቅባት ያልቸገረው አገር ለዚህ ዘበኛ ቆዳ ጠብታ አለመትረፉ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ኑግን መጀመሪያ ያላመደው የኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ነው ይላሉ፤ በሳይንስ ስሙም «አቢሲኒካ» ተብሎ ተመዝግቧል። ተልባውም ደጋው ላይ ይዘራል። ጎመን ዘር ከጓዳ አይጠፋም። ወደ ወይና ደጋው ወረድ ሲሉ ደግሞ ጉሎ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል።

እስቲ ይህ ሁሉ ቅባት የት የት እንደሚሄድ እንቁጠር። ቅቤው ለአናት ነው። የኑግ ዘይቱ ለጾም ወጥ ነው። ጎመን ዘሩ ምጣድ ይታሰስበታል። ጉሎው ደግሞ ቆዳ ለሚያለፋው ባለሙያ ይሄዳል፤ ጠፍሩና መጫኛው እንዳይደርቅ፣ እንዳይሰነጠቅ ይታሽበታል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የሞተ ቆዳ ቅባት እንደሚያስፈልገው አባቶቻችን አሳምረው ያውቁ ነበር። ያልታወቀው፣ ወይም ታውቆም የተተወው፣ በሕይወት ያለው ቆዳ ነው።

ለዚህ እምነትን የሚወቅስ አይጠፋም። የተቅበዘበዘን ሰው «ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ» እንለዋለን። በእስልምናም ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ ማጠብን የሚያዝ ሐዲስ አለ። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶና ተዋልዶ ሲኖር፣ ውሻ ከደጅ ይደር በሚለውም ተስማምቶ ነው። ይሁን እንጂ ከቤት አይግባ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ደጅ ላይ ይላጥ ማለት ሌላ።

የታሪክ መዛግብቶቻችንም ቢሆኑ ለውሻው ቆዳ ብዙ ቦታ አልሰጡም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1970 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያውያን የእብድ ውሻ በሽታን እንዴት ያክሙ እንደነበር ጽፈዋል። ውሻ ወደ ሕክምና ታሪካችን ጎልቶ የገባው በጥርሱ ነው፤ የነከሰው ሰው ይታከማል፣ ነካሹ ይገደላል። ከዚህ ዕጣ ያመለጠች አንዲት ዝነኛ ውሻ አለች፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ። በ1955 (እ.ኤ.አ.) በተሠራው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ መቃብር አላት። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ካፑሺንስኪ፣ ሉሉ የመኳንንቱን ጫማ ስታርስ በጨርቅ የሚጠርግ አሽከር እንደነበረ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በወጣው መጽሐፉ ጽፏል። እውነትነቱን ብዙዎች ተጠራጥረውታል። ግድ የለም፤ መቃብሩ ብቻውን ይበቃል። የውሻ ክብር በጌታው ክብር ይለካ ነበር ማለት ነው።

የእንስሳ ቆዳ ጤና የመንግሥት ጉዳይ የሆነበት ጊዜም አለ። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቆዳ ፋብሪካዎች የበግና የፍየል ቆዳ ሲያዘጋጁ፣ ጠጉሩ ከተነሳ በኋላ ነጠብጣብ እየታየ ብዙው ውድቅ ይሆንባቸው ጀመር። ሊቃውንቱ በእንግሊዝኛ ጽሑፋቸው ሳይቀር በሽታውን በአማርኛ ስሙ «እከክ» ብለው ጠሩት። መንስኤው በዋናነት የበግ ቅማልና ደም መጣጭ የሆነች ክንፍ የለሽ ዝንብ ናቸው። በአማራ፣ በትግራይና በአፋር ክልሎች ዳያዚኖን የተባለው መድኃኒት በዘመቻ ተረጨ። ሥራው ደግ ነበር። ነገር ግን በጉ ለዘመናት ሲያክ ዝም ተብሎ፣ የታሰበለት ቆዳው በውጭ ምንዛሪ ሲመነዘር ነው። ውሻው ደግሞ ቆዳው ስለማይሸጥ ዘመቻው አይመለከተውም ነበር።

ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ አይደለም። በወሎ ገጠር የማውቃቸው አንድ አዛውንት ድኝ ደቁሰው፣ በኑግ ዘይት ለውሰው ውሻቸውን ይቀቡት ነበር። ጎረቤት ሲስቅባቸው «እሱ እያከከ እኔን እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» ይሉ ነበር። ሽማግሌው አልተሳሳቱም። ድኝ የእከክን ተባይ እንደሚገድል የእንስሳት ሐኪሞችም ያውቁታል፤ ዘይቱ መድኃኒቱን ቆዳው ላይ የሚያቆይ ነው።

ዘይት ብቻውን ግን ምን ይችላል? የደረቀውን ቆዳ ያለሰልሳል፣ ቅርፊቱን ያላቅቃል። ተፈጭቶ ጥቂት ከምግቡ ጋር የሚቀላቀል ተልባም ለጠጉሩ ይበጃል። የእከኳ ተባይ ግን በዓይን የማትታይ ናት፤ ቆዳ ውስጥ ጎሬ ቆፍራ ስለምትኖር በኑግ ቅባት ብቻ አትሞትም። ወደ ሰው ተላልፋም ልጆችን ታሳክካለች። ስለዚህ ሐኪም ያስፈልጋል። «የተፈጥሮ ነው» የተባለ ሁሉም ደህና አይደለም። የጉሎ ፍሬ ለውሻም ለሰውም መርዝ ነው። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ከየመደብሩ የሚገዙት «ቲ ትሪ» የተባለው ዘይትም ሳይበረዝ ከተቀባ ውሻን ይመርዛል። ከሁሉ የከፋው ከጋራዥ የሚመጣው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ውሻ የተቀባውን ይልሳል፤ ላዩን አዳንን ስንል ውስጡን እንገድላለን።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያልን ታማኝነቱን ለምሳሌ እንጠቅሳለን። ቅባትን ለአናት፣ ለምጣድና ለጠፍር ያካፈለ ሕዝብ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለ እሱ ሲጮህ ለሚያድረውም የሚሆን አያጣም። ለሞተው ቆዳ ያወቅነውን፣ ሳይሞት ብናውቅለት ምን አለበት?