ከበረዶ የተረፈችው እንቁላል

ነገሩ የተጀመረው በአውራ ዶሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ለንደን ዳርቻ፣ ሚል ሂል በሚባለው ስፍራ፣ ክሪስቶፈር ፖልጅ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ከኦድሪ ስሚዝና ከአላን ፓርክስ ጋር ሆኖ የአውራ ዶሮ ዘር በብርድ አድርቆ መልሶ ሕያው ለማድረግ ይደክም ነበር። የስኳር ብጥብጥ ቢጨምርበት ዘሩ እየሞተ አስቸገረው። ሥራውን ለወራት ትቶ ከቆየ በኋላ ከቀዝቃዛው ክፍል የቀረውን ጠርሙስ አውጥቶ ቢሞክር ግን፣ ዘሩ ከበረዶው ወጥቶ ይንቀሳቀስ ጀመር። ሌላ ስኳር በጥብጠው ሞከሩ፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ከጠርሙሱ የተረፈችው ጥቂት ፈሳሽ ስትመረመር፣ ስኳር የሚባል ነገር የለባትም። ግሊሰሮልና ፕሮቲን ሆና ተገኘች። ለካስ በጠርሙሶቹ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተቀያይሮ ኖሯል! ግኝቱ በ1949 ታተመ።

ከዚያ ወዲያ የወንድ ዘር ብዙም አላስቸገረም። በ1978 ሉዊዝ ብራውን ከማሕፀን ውጭ ተፀንሳ እንግሊዝ አገር ተወለደች፤ በ1984 ደግሞ በረዶ ሆኖ ከቆየ ፅንስ ሜልበርን ላይ ሕፃን ተገኘች። የሴቷ እንቁላል ግን እጅ አልሰጥ አለች።

ለምን ቢሉ፣ ከሰውነት ሕዋሳት ሁሉ ትልቋ እርሷ ናት። ስፋቷ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ሲሆን ሆዷ ውኃ ነው። ውኃው ሲረጋ እንደ መርፌ የሾለ በረዶ እየሠራ ውስጧን ይበጣጥሰዋል፤ ክሮሞዞሞችን አስተካክሎ የያዘው ስስ ክርም ይፈርሳል። ከዚህ ሁሉ ብትተርፍ እንኳ ሽፋኗ ይደድርና የወንዱን ዘር አላስገባም ትላለች። በ1986 ክሪስቶፈር ቼን የተባሉ ሐኪም አውስትራሊያ ውስጥ፣ አዴሌድ ላይ፣ ከበረዶ ከወጣ እንቁላል መንታ አዋለዱ። ዓለም አጨበጨበ። ይሁን እንጂ ሌሎች ያንኑ ለመድገም ሲሞክሩ ብዙዎቹ ከሸፈባቸውና ነገሩ ለዓመታት ተረሳ።

የተዘጋውን በር የከፈተችው ጣሊያን ናት። በ1992 ብራሰልስ ላይ አንዲቱን የወንድ ዘር በቀጭን መርፌ ወደ እንቁላል መውጋት እንደሚቻል ታውቆ ነበርና፣ የቦሎኛዋ ሐኪም ኤሌኖራ ፖርኩ በዚሁ መላ የደደረውን ሽፋን አልፈው በ1997 ልጅ መወለዱን አበሰሩ። የጣሊያን ሕግ ደግሞ ሳያስበው ረዳቸው። በ2004 የወጣው ሕግ ፅንስ በበረዶ ማቆየትን ከለከለ፤ በአንድ ጊዜ ከሦስት እንቁላል በላይ ማስፀነስም አይቻልም አለ። ታዲያ የተረፈው እንቁላል የት ይሂድ? ወደ በረዶ ነዋ! የሦስቱን ገደብ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የሻረው በ2009 ነው።

በመካከሉ ጃፓናዊው ማሳሺገ ኩዋያማ እንቁላሏን በቅጽበት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ መንከርን አቀላጠፉት። በዚህ ፍጥነት ውኃው በረዶ ለመሥራት ጊዜ አያገኝም፤ እንደ መስተዋት ይረጋል።

ይህ ሁሉ ድካም ከጠቀማቸው መካከል የካንሰር መድኃኒት መካን ሊያደርጋት የሚችል ወጣት ሴት አንዷ ናት። በ2012 የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር «የሙከራ ሕክምና» የሚለውን ስም ሲያነሳ፣ ጤነኛዋ ሴት መውለድን ለማዘግየት እንድትጠቀምበት አልመከረም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፌስቡክና አፕል ለሠራተኞቻቸው እስከ 20 ሺህ ዶላር ወጪውን እንደሚሸፍኑ ተሰማ። ለሴቷ ታስቦ ነው ወይስ ቢሮዋን እንዳትለቅ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ አንባቢ የራሱን ይፍረድ።

በእንግሊዝ ደግሞ ያለ ሕመም ምክንያት የተቀመጠ እንቁላል ከ10 ዓመት በላይ አይቆይም ነበር። በ28 ዓመቷ፣ እንቁላሏ ገና ጠንካራ ሳለ፣ ያስቀመጠች ሴት በ38 ዓመቷ፣ ልትፈልገው በምትችልበት ሰዓት፣ ይጣልባታል። ገደቡ እስከ 55 ዓመት የተራዘመው በሐምሌ 2022 ነው።