የጋይንት ቤተልሔም ምስክርና የአእምሮ መለኪያ

በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ተማሪ የሚፈተንበት ጥንታዊ ሥርዓት አለ። ደቀ መዝሙሩ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከነምልክቱ ለዓመታት ከቀጸለ በኋላ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ያስመሰክራል፤ መምህሩም ግዕዙ፣ ዕዝሉና አራራዩ ሳይደባለቁ መውጣታቸውን በጆሮው ይመረምራል። በሌላ አገር የተማረ ሰው እንኳ በድጓ መምህርነት ሊታወቅ ሲሻ ወደዚያው ይሄዳል። ፈተናው የሚጠይቀው ያስተማረውን ነው። ከፓሪስ የመጣ ሊቅ በዚያ ጉባኤ ቢቆም አንድ አርያም እንኳ ባላነሣ ነበር፤ የቤተልሔም መምህር ግን በዚህ ምክንያት ፈረንሳውያንን ልቡና የጎደላቸው ናቸው ብሎ አይፈርድም።

ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔም እ.ኤ.አ. በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋር መለኪያውን ሲያወጣ አሳቡ መጠነኛ ነበር፤ በትምህርት ልዩ ርዳታ የሚያሻውን ሕፃን ለይቶ ማወቅ። ሕዝብን ከሕዝብ ለማበላለጥ ያዋሉት ከእርሱ በኋላ የተነሡት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዛዊው ጆን ሬቨን በሥዕል ብቻ የተሠራ ፈተና አወጣ፤ ቃል ስለሌለበትም ከባህል ነጻ ነው ተባለለት። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተሣለውን ቅርጽ በረድፍና በዐምድ ተከትሎ የጎደለውን መርጦ መሙላት ራሱ የትምህርት ቤት ልማድ ነው።

የዚህ ዳፋ በአገራችን ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ከጎንደርና ከትግራይ የተነሡ ብዙ ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ካኒኤልና ፊሸርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በቅርቡ የገቡ 250 ታዳጊዎችን በሬቨን ፈተና መዝነው ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1991 አሳተሙ። ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሃነን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት መጽሐፍ ይህንኑ ውጤት ይዘው ለመላዋ ኢትዮጵያ 63 የሚል ቁጥር ሰጡ፤ መካከለኛው 100 መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዲህ በስደት ማግሥት በባዕድ አገር የተፈተኑ ልጆች ለጋይንት ገበሬ፣ ለእስቴ ባለቅኔ፣ ለኦጋዴን አርብቶ አደር ሁሉ ዋስ ሆነው ቀረቡ ማለት ነው! በሌላ ሳይንስ እንዲህ ያለ ናሙና ቢቀርብ ገምጋሚ የሚያሳልፈው አይመስለኝም።

መልሱ የመጣው ከዚያው ከእስራኤል ነው። ሬውቨን ፎየርሽታይንና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ የሄዱትን ልጆች ፈትነው፣ የአፈታቱን መንገድ ለአጭር ጊዜ አስተምረው፣ ዳግመኛ ቢፈትኗቸው ውጤታቸው በግልጽ ከፍ አለ። ይህ አካሄድ ለድጓ ቤት እንግዳ አይደለም፤ መምህሩ የተሳሳተውን ተማሪ መልሶ ያስኬደዋል እንጂ በመጀመሪያው ስሕተት ቁጥር አይለጥፍበትም።

እኛም ከነቀፌታው አናመልጥም። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውስጥ የገባው የተሰጥኦ መመዘኛ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከስማዳ ቆላ የመጣ ተማሪ ጥያቄውን ሲስት፣ የሳተው አሳቡን ይሁን ቃሉን፣ ውጤቱ ብቻውን አይነግረንም፤ ሆኖም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ ሲደመር አብሮ ይቆጠራል።