ፎቶዳይናሚክ ሕክምና
ፎቶዳይናሚክ ሕክምና ብርሃን ሲያርፍበት የሚነቃ መድኃኒት ቆዳ ላይ ተቀብቶ የታመሙ ሕዋሳት የሚጠፉበት ዘዴ ነው። መነሻው በ1900 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በሙኒክ የሄርማን ፎን ታፓይነር ተማሪ የነበረው ኦስካር ራብ አክሪዲን የተባለው ቀለም ፓራሚሲየም የተሰኙትን ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ብርሃን ባለበት ፈጥኖ እንደሚገድል አስተዋለ። ዛሬ የሚቀባው አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ በሕዋሱ ውስጥ ፕሮቶፖርፊሪን ወደተባለ ብርሃን ተቀባይ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ የሞገድ ርዝመቱ 630 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ብርሃን ሲበራበትም ኃይሉን ለኦክስጅን አስተላልፎ፣ ኦክስጅኑን ሕዋስ ገዳይ ያደርገዋል። አክቲኒክ ኬራቶሲስ ለተባለው፣ ፀሐይ ለሚያመጣው የቅድመ ካንሰር ሕመም፣ በተለይም ጠባሳው እምብዛም ስለሆነ ፊት ላይ ሲወጣ፣ ተመራጭ ነው፤ ይሁንና በሚበራበት ጊዜ ማቃጠሉ ቀላል አይደለም። ብርሃኑ ጠልቆ ስለማይገባ ለሜላኖማ አያገለግልም። ታካሚው ከሕክምናው በኋላ ለሁለት ቀናት ያህል የታከመውን ቦታ ከፀሐይ መከለል ይኖርበታል።