የመልእክት ወረፋ ታሪክ፦ ከኩባንያ ምርት ወደ ጋራ ስምምነት

በአንድ ትልቅ ባንክ አንድ ክፍያ ሲፈጸም ነገሩን ማወቅ ያለበት ፕሮግራም አንድ ብቻ አይደለም። የሒሳብ መዝገቡም፣ የሥጋት ቁጥጥሩም፣ ለደንበኛው አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚልከው ክፍልም ወዲያው መስማት አለባቸው። ፕሮግራሞቹ በቀጥታ የሚጠራሩ ከሆነ አንዱ ማሽን በጠፋ ቁጥር ሌላው ደጅ ይጠናል። ስለዚህ መልእክቱን በአደራ ተቀብሎ ባለቤቱ እስኪመጣ የሚያቆይ አማካይ ሶፍትዌር በመካከል ይቆማል። ዛሬ አንድ ፕሮግራመር ከዚህ አማካይ ጋር የሚያገናኘውን የክላየንት ላይብረሪ በአንድ ትእዛዝ ይጭናል። እዚህ ለመድረስ ግን ረጅም ሙግት አልፏል፤ የሙግቱ ጭብጥም መልእክቱ የሚጓዝበት ፕሮቶኮል የማን ይሁን የሚል ነበር።

ታሪኩ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከዎል ስትሪት ይነሣል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በአክሲዮን ነጋዴው ጠረጴዛ ላይ የመረጃ አቅራቢው በበዛ ቁጥር ስክሪኑም ይበዛ ነበር። ቦምቤይ ተወልዶ ኤምአይቲ የተማረው ቪቬክ ራናዲቬ መፍትሔውን ከኮምፒውተሩ ውስጥ አገኘው። በማሽኑ ውስጥ የተለያዩ ካርዶች «ባስ» በሚባል የጋራ መስመር ላይ ተሰክተው ይግባባሉ፤ ሶፍትዌርም እንደዚያው ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። ቴክነክሮን በተባለው ኩባንያ የሠራው «ዘ ኢንፎርሜሽን ባስ» ላኪው መልእክቱን በርእስ ለይቶ እንዲያሠራጭ፣ ርእሱን የፈለገ ፕሮግራም ሁሉ ደግሞ ተመዝግቦ እንዲቀበል አስቻለ። ጎልድማን ሳክስ ከቀደምት ደንበኞቹ አንዱ ነበር። ኋላ ኩባንያውን ሮይተርስ ገዛው፤ በ1997 ከዚያው ሥር ቲብኮ ተመሠረተ።

አይቢኤም በ1993 ያወጣው ኤምኪው ሲሪስ ጥንካሬው ሌላ ነበር። ወረፋ የያዘ መልእክት በዲስክ ላይ ይጻፋል፤ መብራት ቢጠፋ፣ ማሽን ቢወድቅ አይጠፋም። በዋናው ማዕከል ያለው ሜይንፍሬም ከቅርንጫፉ ዩኒክስ ማሽን ጋር በዚሁ መንገድ መገናኘት ቻለ። ባንኮች የወደዱትም ለዚህ ነው።

ችግሩ ከስኬቱ ጋር አብሮ መጣ። እያንዳንዱ ምርት የራሱ ላይብረሪ፣ የራሱም ምሥጢራዊ የመስመር አጻጻፍ ነበረው። ሁለት ምርት የገዛ ድርጅት በመካከላቸው ድልድይ የሚሆን ሦስተኛ ፕሮግራም ማሠራት ግድ ይለው ነበር። ሻጩን መቀየር ማለት ደግሞ ፕሮግራሙን እንደገና መጻፍ ማለት ነው።

በ1998 ሳን ማይክሮሲስተምስ ጄኤምኤስ የተባለውን የጃቫ ደንብ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የጃቫ ፕሮግራመር ግንኙነት የሚከፍትበት፣ መልእክት የሚልክበትና የሚቀበልበት የኮድ አጻጻፍ በሁሉም ምርቶች አንድ ዓይነት ሆነ። ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ግን ግማሽ እፎይታ። ደንቡ ኮዱን እንጂ በመስመሩ ላይ የሚያልፉትን ባይቶች አልነካም። ከፕሮግራሙ ጎን የሻጩ ላይብረሪ የግድ መቀመጥ ነበረበት፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚሠራውም ከነጭራሹ ውጪ ቀረ።

ይህን የጎደለ ግማሽ ለመሙላት የተነሣው ሶፍትዌር ሻጭ ሳይሆን የሻጮቹ ደንበኛ ነው። በ2003 የጄፒ ሞርጋን ቼዝ ባለሙያ ጆን ኦሃራ ኢሜይልና ድረ ገጽ በክፍት ፕሮቶኮል እንደተስፋፉ ሁሉ የድርጅቶች መልእክትም እንዲሁ መሆን አለበት ብሎ ተነሣ። በፒተር ሂንቼንስ ይመራ የነበረው የቤልጅየሙ አይማቲክስ ሥራውን ተቀበለ። ፕሮቶኮሉ ኤኤምኪውፒ ተባለ፤ በ2006 ሲስኮና ሬድ ሃትን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ያሉበት የሥራ ቡድን ለሕዝብ ይፋ አደረገው።

በዓመቱ በዚህ ፕሮቶኮል የሚሠራ ራቢት ኤምኪው የተባለ ሰርቨር መጣ። የተጻፈበት ኧርላንግ ኤሪክሰን ለስልክ ማዞሪያዎቹ የፈጠረው፣ ሳያቋርጥ መሥራትን ዓላማው ያደረገ ቋንቋ ነው። የአገናኝ ሥራው ዛሬም የዚያን ዘመን መልክ እንደያዘ ነው። ፕሮግራመሩ ለቋንቋው የሚስማማውን ላይብረሪ ይጭናል፤ ለፓይተን ለምሳሌ ፒካ አለ። የሰርቨሩን አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ፖርቱ በተለምዶ 5672፣ ለተመሠጠረ ግንኙነት ደግሞ 5671 ነው። ግንኙነት መክፈት ጊዜና አቅም ስለሚወስድ አንዱን ከፍቶ በውስጡ «ቻነል» የሚባሉ ቀላል መስመሮችን ያበዛል። ለእያንዳንዱ መልእክት አዲስ ግንኙነት የሚከፍት ፕሮግራም ሰርቨሩን ያደክማል።

ከሁሉ የሚበልጠው የመቀበል ማረጋገጫው ነው። ተቀባዩ ሥራውን ጨርሶ ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ ሰርቨሩ መልእክቱን አይጥልም። ተቀባዩ በመካከል ቢወድቅ መልእክቱ ወደ ወረፋው ተመልሶ ለሌላ ይሰጣል። ታዲያ ያው መልእክት ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላልና፣ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥ መጠበቅ የተቀባዩ ፕሮግራም ኃላፊነት ነው።

ስምምነቱ ግን ያለ ጠብ አልጸናም። የሥራ ቡድኑ እየሰፋ ሲሄድ ፕሮቶኮሉም ተወሳሰበ፤ ሂንቼንስ በአደባባይ ነቅፎ ወጣ። በ2012 ኦኤሲስ በተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት የጸደቀው እትም 1.0፣ በ2014 ዓለም አቀፍ መለኪያ ሲሆን፣ ራቢት ኤምኪው ከተመሠረተበት ከቀድሞው እትም 0-9-1 እጅግ የተለየ ነበር። ስለዚህ ዛሬም ላይብረሪ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ እትሙን ማየት አለበት። ክላየንቱ መጀመሪያ የሚልካቸው 8 ባይቶች የፕሮቶኮሉን ስምና የእትሙን ቁጥር የያዙ ናቸው፤ ሰርቨሩ እትሙን ካላወቀው የራሱን ነግሮ ግንኙነቱን ይዘጋል።

በጄኤምኤስና በኤኤምኪውፒ የተያዙት ሁለት ግማሾች በመጨረሻ በአፓቺ ኪፒድ ጄኤምኤስ ላይብረሪ ውስጥ ተገናኙ። ፕሮግራመሩ የሚጽፈው የ1998ቱን የጃቫ ደንብ ነው፤ በመስመሩ የሚያልፈው ኤኤምኪውፒ 1.0 ነው። በ1993 የራሱን መንገድ የጀመረው አይቢኤም እንኳ በኤምኪው ላይ ለዚሁ ፕሮቶኮል መግቢያ ከፍቷል።